የፒካፕ መሪ በኃይል ሲርገበገብ፦ የላንድክሩዘርና የአሮጌው ሃይሉክስ የፊት እግር ምርመራና ጥገና

በ70 እና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ቀጥ ብሎ ሲጓዝ የነበረ ፒካፕ፣ አንዱ የፊት ጎማው ትንሽ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ሲነካ መሪው በድንገት ግራና ቀኝ መርገብገብ ይጀምርና፣ ጋቢናው በሙሉ እስኪናጥ ድረስ እየባሰበት ይሄዳል። መርገብገቡ በራሱ አይቆምም፤ የሚበርደው አብዛኛውን ጊዜ ተሽከርካሪው ለመቆም ሲቃረብ ብቻ ነው። ይህ ችግር በዋናነት የሚታየው የፊት አክስላቸው ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ በሆነ ተሽከርካሪዎች ላይ ነው። በአገራችን መንገዶች ላይ ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የምናገኛቸው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከፊት በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራው ላንድክሩዘር 79፣ ከእሱ በፊት የነበረው ባለ ባሌስትራው 75፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተመረተው ወጥ አክስል ያለው ሃይሉክስ ናቸው። በአሜሪካ ፎርድ ኤፍ-250ም ሆነ ራም 2500 በዚሁ ችግር የሚታወቁት የፊት እግራቸው አሠራር ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። የኋለኞቹ የሃይሉክስ ትውልዶች የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ የሚያስቸግራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚህ እነርሱን እዚህ አናነሳም።

ሕመሙን ለማግኘት አስቀድሞ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይረዳል። የሚሽከረከር ጎማ ወደ ጎን ሲያዘነብል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ለመዞር የሚገፋው ኃይል ይፈጠርበታል። በወጥ አክስል ላይ ደግሞ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ አክስሉ በሙሉ ስለሚያዘነብል፣ ሁለቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ይገፋሉ። የመሪው መገጣጠሚያዎች ጥብቅ ከሆኑና የናክል (ጎማውን ይዞ መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞረው ክፍል) ኩሽኔታዎች በቂ ጥብቀት ካላቸው ይህ ግፊት ወዲያው ይሞታል። አንድ ቦታ ላይ ልልነት ካለ ግን ጎማው ክፍተቱን ያህል ይዞርና፣ ካስተሩ (የናክሉ መዞሪያ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ወደ መሃል ሲመልሰው መሃሉን አልፎ ወደ ሌላኛው ወገን ይሄዳል፤ ከዚያም ይመለሳል። ፍጥነቱ ከዚህ ምልልስ ጋር በሚገጥምበት ሰዓት እያንዳንዱ ዙር ለሚቀጥለው ጉልበት ይጨምርለታል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው መርገብገቡን የሚቀሰቅሰው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እንዲቀጥል የሚፈቅድለት። ጎማ ባላንስ ተሠርቶ ችግሩ ለጥቂት ሳምንታት ሲጠፋ፣ የተወገደው ቀስቃሹ ብቻ ነው፤ ልልነቱ እንዳለ ነው። የመሪ አሞርዛተር (የመሪውን መወዛወዝ የሚያበርደው ዕቃ) ተቀይሮ ሲጠፋም ነገሩ ከዚህ ብዙም አይለይም። የእግር ሥራ በሚሠራባቸው ብዙ ቦታዎች የመጀመሪያው ምክር «አሞርዛተሩን ቀይር» የሚል ነው፤ ምክንያቱም ዕቃው ሁለት ብሎን ፈትቶ የሚቀየር ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው፣ ባለመኪናውም ለውጡን ወዲያው ያየዋል። እኔ ግን ይህን ዕቃ የማየው በመጨረሻ ነው፤ ጤነኛ የፊት እግር ያለው ላንድክሩዘር የመሪ አሞርዛተሩ ቢወልቅ እንኳ በዚህ ደረጃ ሊርገበገብ አይገባም።

እየነዱ ሳለ ከጀመረዎት

መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀው ይያዙ፤ ነገር ግን አውራ ጣቶችዎ በመሪው ዘንጎች ውስጥ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ፣ መሪው ሲገለበጥ ሊሰብራቸው ይችላል። እግርዎን ከነዳጅ መርገጫው ያንሱና ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይያዙ። ፍጥነት ጨምሮ «ለማለፍ» መሞከር አደገኛ ነው። ከመንገድ ዳር ከቆሙ በኋላ የጎማ ዳዶዎችን ጥብቀት ያረጋግጡ፤ ከዚያም ጋራዥ እስኪደርሱ ድረስ ችግሩ ከተነሳበት ፍጥነት በጣም ዝቅ ብለው ይጓዙ።

መጀመሪያ የትኛው መንቀጥቀጥ እንደሆነ ይለዩ

መሪው ጉድጓድ ሳይነካ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ለስላሳ መንቀጥቀጥ ካሳየና ፍጥነቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ከጠፋ፣ ጉዳዩ የጎማ ባላንስ ወይም የቸርኬ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፍሬን ዲስክ መጣመም ነው። መኪናው ሳይንቀጠቀጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚቅበዘበዝ ከሆነ ደግሞ ካስተሩን ወይም የመሪ ቦክሱን ይመልከቱ። በዚህ መመሪያ የምንከተለው በምት የሚጀምረውንና መኪናው ካልቀዘቀዘ የማይቆመውን ነው።

ጎማና ቸርኬ

ብዙ ሰው የማይጠረጥረውን ላስቀድም፦ የደረቀ ጭቃ። ክረምት ላይ ገጠር ውሎ የመጣ ፒካፕ በቸርኬው የውስጥ በኩል የሚሸከመው ጭቃ ሲደርቅ ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ያዛባዋል፤ የውጪው ገጽ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ ውስጡ አይታይም። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት የቸርኬዎቹን የውስጥ በኩል አሳጥበው ይንዱት።

ቀጥሎ የአየር መጠኑን በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ጋር ያመሳክሩ። ከዚያም የፊት ጎማዎቹን በየተራ በክሪክ አንስተው፣ ወፍራም ሽቦ ወይም ሚስማር ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ሳይንቀሳቀስ ይያዙና ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩት። በሽቦውና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት በዙሩ ውስጥ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለዋወጠ ቸርኬው ተጣሟል። በጎማው ጥርስ ላይ እጅዎን ሲያሳልፉ ከፍና ዝቅ የሚል የመበላት ምልክት ካገኙ ጎማው ራሱ ቀስቃሽ ሆኗል ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ዓይነት አበላል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሞተ አሞርዛተር ወይም ከላላ ኩሽኔታ ስለሆነ ጎማ ቀይሮ መተው አይበቃም። ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማና ወደ ውጪ የወጣ ቸርኬ የተገጠመለት መኪና ከሆነ፣ ጎማው መገጣጠሚያዎቹን የሚገፋበት ጉልበት መጨመሩን እያሰቡ ምርመራውን ይቀጥሉ።

ከሥር ሆኖ ማየት

ዋናው ምርመራ ይህ ነው፤ ክሪክም አያስፈልገውም። መኪናውን በደልዳላ መሬት ላይ አራቱም ጎማዎች መሬት ረግጠው ያቁሙት፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይደግፉ፣ ካምቢዮውን ዜሮ ላይ ያድርጉ። ሞተሩ ይነሳ፤ ረዳትዎ መሪውን ከመሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ፣ ነገር ግን ሳያቋርጥ ያወዛውዝ። እርስዎ ከፊት በኩል ከሥር ገብተው፣ ልብስዎንና እጅዎን ከሚሽከረከሩት ቀበቶዎች አርቀው፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በተራ ይዩ። ዓይን ያልያዘውን ጣት ይይዘዋል፤ ጣትዎን በሁለቱ ብረቶች መጋጠሚያ ላይ ቢያሳርፉ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልልነት እንኳ በግልጽ ይሰማዎታል።

ከመሪ ቦክሱ ይጀምሩ። ቦክሱ በሻንሲው ላይ ራሱ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ፣ ብሎኖቹ የላሉ ወይም ሻንሲው የተሰነጠቀ መሆኑን ቆሻሻውን ጠርገው ያረጋግጡ። ከቦክሱ ወደ ጎማው በሚሄደው ረጅም ዘንግ ጫፎች፣ ከዚያም ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ታይሮድ ጫፎች ላይ ይቀጥሉ። ዘንጉ በቁመቱ ዙሪያ ትንሽ መሽከርከሩ ጤነኛ ነው፤ የኳሱ እግር በቤቱ ውስጥ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ከተንቀሳቀሰ ግን ያ ጫፍ ይቀየራል። በእኔ አመለካከት አንዱ ካለቀ አራቱንም መቀየር ይሻላል፤ ዕድሜያቸው አንድ ነውና።

ከፊት በሞላ በሚሠራው 79 ላይ ቀጥሎ የሚመጣው የፓንሃርድ ዘንግ ነው፤ አክስሉ ከሻንሲው ሥር ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ረዳትዎ ሲያወዛውዝ የዘንጉን ሁለት ጫፎች ይመልከቱ። ጎሚኒው ተቆርጦ ብሎኑ በቤቱ ውስጥ ሲመላለስ ካዩ ጎሚኒው ይቀየር። ከዚህ የሚብሰው ብሎኑ የሚገባበት የብረት ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ መበላቱ ነው፤ በዳዶው ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት መታየቱ ለዚህ ምልክት ነው፣ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ መሆኑን ያሳያል። ሞላላ የሆነ ቀዳዳ በማጥበቅ አይድንም፤ በልኩ የተቀደደ ወፍራም ብረት ተበይዶበት ክብነቱ መመለስ አለበት። አዲስ ጎሚኒ ሲገጠም ደግሞ የመጨረሻው ማጥበቅ የሚከናወነው መኪናው በጎማዎቹ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ የተጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠማዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል።

በ75 እና በአሮጌው ሃይሉክስ ላይ ፓንሃርድ በሌለበት አክስሉን የሚይዘው ባሌስትራው ነው። እዚያ የሚፈተሹት የባሌስትራው ጎሚኒዎች፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ-ቦልቶችና ቅጠሎቹን በመሃል የሚሰፋው ብሎን ናቸው። የመሃሉ ብሎን ከተሰበረ አክስሉ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በግራና በቀኝ በኩል ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በሜትር ቢለኩ ልዩነቱ ይታያል።

የጎማ ኩሽኔታ ወይስ የናክል ኩሽኔታ?

አሁን የፊቱን አንድ ጎማ በክሪክ አንስተው አክስሉን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት። ልልነት ከተሰማዎት ረዳትዎ ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፤ እርስዎም እንደገና ያወዛውዙ። ፍሬን ሲያዝ ልልነቱ ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ የናክሉ ኩሽኔታ ነው። ይህ ቀላል ፈተና ሁለት የማይገናኙ ሥራዎችን ስለሚለይ አይዝለሉት።

የጎማው ኩሽኔታ ከላላ ሥራው በአንጻሩ ቀላል ነው። በቶዮታ ላይ የሚያስፈልገው 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ ነው፤ ዳዶውን በመዶሻና በመሮ የሚመቱ ሰዎች የሚያበላሹት ዕቃ ከቡሶላው ዋጋ ይበልጣል። ኩሽኔታው ታጥቦ ጉዳት ከሌለው በአዲስ ግራሶ ይሞላና፣ ጎማው እየተሽከረከረ ዳዶው ተስተካክሎ፣ ሁለተኛው ዳዶ ይቆለፍበታል።

የናክሉ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ደግሞም በላንድክሩዘር ላይ መርገብገቡ የማይጠፋባቸው ብዙ መኪኖች መልስ እዚህ ነው ያለው። ናክሉ ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። እነዚህ ኩሽኔታዎች ሙሉ ዙር አይዞሩም፤ ብዙ ጊዜ የሚቆዩት መሪው ቀጥ ባለበት በዚያው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ የመንገድ ምት ሁሉ በዚያው ነጥብ ላይ እያረፈ በቤታቸው ላይ መስመር መስመር ጉድጓድ ይቆፍራል። በዚህ ጊዜ ጥብቀታቸው ይጠፋል። ጥብቀቱ ደግሞ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ጎማው በራሱ እንዳይዞር የሚገታው ፍትጊያ ዋናው ምንጭ ይኸው ነው። በእጅ ሲወዛወዝ ልልነት የማይሰማበት ኩሽኔታ እንኳ ጥብቀቱን ካጣ መርገብገብን አያስቆምም። ለዚህም ነው ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ ብቻ በቂ የማይሆነው።

ይህን ለማረጋገጥ የታይሮዱን ጫፍ ከናክሉ ያላቁ፤ በማላቀቂያ እንጂ የብሎኑን ጥርስ በመምታት አይሁን። ከዚያም ናክሉን በእጅ ግራና ቀኝ ያዙሩት። ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ ገባ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተቆፍሯል። ያለ ምንም ተቃውሞ እንደፈለገ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ጥብቀቱ ሞቷል።

ሥራው እንዲህ ይከናወናል። ጎማው ይወልቃል፤ የፍሬን ካሊፐሩ ተፈትቶ በሽቦ ይንጠለጠላል፣ በጎማ ቱቦው ላይ ግን ፈጽሞ አይንጠለጠልም። ሃቡ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል)፣ የጎማው ዘንግ መያዣና በአክስሉ ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ዘንግ በቅደም ተከተል ይወጣሉ። የናክሉ የላይና የታች ክዳኖች ሲከፈቱ ከሥራቸው ስስ የብረት ልኬቶች ይገኛሉ፤ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ለይተው ያስቀምጡ። እነዚህ ልኬቶች የኩሽኔታውን ጥብቀት ብቻ ሳይሆን ናክሉ መሃል ላይ መቀመጡንም ይወስናሉ፤ ስለዚህ ከተደባለቁ ሥራው ይበላሻል። አሮጌዎቹ የኩሽኔታ ቤቶች በነሐስ ዘንግ ተመትተው ይወጣሉ፤ አዲሶቹ ወለሉን እስኪነኩ ድረስ ቀጥ ብለው መግባት አለባቸው። በውስጡ ያለው ግራሶ ከዲፈረንሻል ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሾርባ ከቀጠነ የውስጡ ዘይት መያዣ ጎማ አልቋል፤ ሁሉም ነገር ተከፍቶ ሳለ አብሮ ይቀየር።

ጥብቀቱ የሚለካው ናክሉ የሚሽከረከረው ዘንግም ሆነ የዘይት መያዣ ጎማዎቹ ሳይገቡ ሲገጠም ነው፤ አለበለዚያ የእነርሱ ፍትጊያ ልኬቱን ያሳስታል። የሞላ ሚዛን በታይሮዱ ቀዳዳ ላይ ይንጠልጠልና ናክሉ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ይሳብ። በላንድክሩዘር ቤተሰብ የሚፈለገው ከ3 እስከ 6 ኪሎ ያህል ነው፤ የእርስዎን ሞዴል ትክክለኛ ቁጥር ከጥገና መመሪያው ያረጋግጡ። ሚዛኑ ዝቅ ካለ ከልኬቶቹ ስስ የሆነውን ይቀንሱ፤ ከበዛ ይጨምሩ። የቶዮታ ልኬቶች እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ስለሆኑ በጥቂት በጥቂቱ መሄድ ይቻላል። የናክሉ ክንድ ዳዶዎች ከሥራቸው ያሉት ሾጣጣ ቀለበቶች በንጽሕና ገብተው፣ በቶርክ መፍቻ ይጠበቁ። እነዚህ ሲላሉ ብሎኖቹ ይቆረጣሉ፤ ያ ሲሆን ጎማው ከመሪው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልበል። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ በአንድ ስምና በአንድ ዓይነት ካርቶን በጣም የተለያየ ዋጋ ከተጠራልዎ ርካሹን ይጠርጥሩ። ኩሽኔታው ላይ የአምራቹ ስም የተቀረጸ መሆኑን፣ ሲሽከረከር እኩል ለስላሳ መሆኑን ይዩ። ፎርጅድ የናክል ኩሽኔታ ለመቀየር የሚወጣው የእጅ ሥራ ከትክክለኛው አያንስም።

ካስተርና ቶ

መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ሳይጠግኑ አላይመንት ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው። ከጠገኑ በኋላ ግን ይገባል። ቶውን (የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የዞሩበትን መጠን) በቤትም መለካት ይቻላል፤ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ጥርስ መሃል ላይ በኖራ መስመር ያስምሩ፣ በሃቡ ከፍታ ላይ ከፊት በኩል ያለውን ርቀት ይለኩ፣ መኪናውን ምልክቱ ወደ ኋላ እስኪዞር ገፍተው እንደገና ይለኩ። የፊቱ ርቀት ከኋላው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢያንስ ለአብዛኞቹ ተስማሚ ነው።

ካስተር ለመለካት መሣሪያ ያስፈልጋል። መኪናው ከፍ እንዲል የፊት ሞላው ከተቀየረ ካስተሩ እንደሚወድቅ ግን አስቀድሞ ይታወቃል፤ በሞላማው ላንድክሩዘር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ወደ 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ካልተመለሰ ይህን ይጠርጥሩ። ማስተካከያው አክስሉን በሚይዙት ክንዶች ላይ የሚገባ መሃሉ ወደ ጎን የሆነ ጎሚኒ ሲሆን፣ በባሌስትራማዎቹ ላይ ደግሞ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው። ካስተሩን ያለ ልክ መጨመር ግን መርገብገቡን ሊያባብስ ስለሚችል ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ እንጂ ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም።

የመሪ ቦክሱ ክፍተት ካለው የላዩ ማስተካከያ ብሎን ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ በጥቂቱ ብቻ ይጠበቃል። ከመጠን በላይ የተጠበቀ ቦክስ መሪውን ያከብደዋል፣ ውስጡንም ይበላል።

አሞርዛተሮችና የመንገድ ሙከራ

የፊት አሞርዛተሮቹ ዘይት ካፈሰሱ ወይም የመኪናውን አፍንጫ ወደ ታች ገፍተው ሲለቁት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚዘል ከሆነ ይቀየሩ። ጠጠር መንገድ የሚበዛበት መኪና ላይ የደከመ አሞርዛተር ጎማውን በእያንዳንዱ የመንገድ ሞገድ ላይ ያዘልለዋል፤ ልልነቱም በዚያው ፍጥነት ይመለሳል። የመሪ አሞርዛተሩን ደግሞ አንድ ጫፉን ፈትተው በእጅ ይግፉትና ይሳቡት። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መቃወም አለበት፤ በመሃል ባዶ የሚሄድበት ቦታ ካለ ጊዜው አልፏል።

ሙከራው ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይሁን፤ በመጀመሪያ በ40፣ ከዚያም በ60፣ ቀጥሎ በ80። ሆን ብሎ በፍጥነት ጉድጓድ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ የተለመደው የአስፋልት መጋጠሚያ ይበቃል። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የመጀመሪያ መሞከሪያ አይደለም፤ እዚያ ሌሎች ተሽከርካሪዎች ከኋላዎ በ120 እየመጡ ነው። መርገብገቡ አነስ ብሎ ከተመለሰ ያልተገኘ ልልነት አለና ከሥር ሆኖ የማየቱን ምርመራ ከመሪ ቦክሱ ጀምሮ ይድገሙት። ካልተመለሰ ከ500 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ የታይሮዶቹን ኮፒሊያዎች (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዙትን ሽቦዎች) በዓይን ይዩ፤ የፓንሃርዱን ብሎኖች፣ ዩ-ቦልቶቹንና የናክል ክንዱን ዳዶዎች እንደገና በቶርክ መፍቻ ያረጋግጡ።